ጉንፋን የማይለቃቸው

የዕድሩ ዕጣ ለኤልዳና የወጣላት ረቡዕ ነው። ዓርብ አውሮፕላን ላይ ነበረች። መቼስ ለሰው ደስታ እንዲህ ተጣድፎ አይመጣም፤ ግን እሷ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ አንድም ዕጣ ወጥቶላት የማያውቅ፣ አዳማ ውስጥ ሊፍት ስትጠግን የምትውል ሴት ናት፤ በምን ትጠርጥር? ሁለት ሳምንት፣ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ኩሉዱ ደሴት፣ በየጠዋቱ በጀልባ ሄዶ ከስቲንግሬይ ጋር መዋኘት፣ ሙሉ ወጪው ተችሏል ይላል ወረቀቱ። ስቲንግሬይ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ የዕድሩ ጸሐፊ ቀና ብሎ ሳያያት፣ "ዓሣ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ጅራታም" አላት።

ታናሽ ወንድሟ ኢዮስያስ ለስንብት አልመጣም። ለሥራ ሠመራ ሄዷል ተባለ። ደግነቱ መደወሉን አያቋርጥም። ጆሮዋ ውስጥ በሰካቻት ትንሽ ስልክ፣ ጠብታ በሚሏት፣ በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ "ኤልዱዬ፣ በላሽ? ዓሣዎቹ ሳይበሉሽ አንቺ ቅደሚያቸው" ይላል። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል። ጉንፋን ይዞኛል አላት፤ ትንሽ አሞኛል፣ ለክፉ አይሰጥም።

ጀልባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይነሳል። ተሳፋሪው እሷን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ሁሉም ሐበሻ፣ አብዛኛው በዕድሜ የገፋ። ካፒቴኑ ማኒኩ የደሴቲቱ ተወላጅ ሲሆን አማርኛ የለመደው ከእንግዶቹ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አይዞህ" ይላል። ገና በመጀመሪያው ቀን ኤልዳናን አንድ ነገር ገረማት። ሽርሽር የሄደ ሰው ፎቶ ያነሳል፤ እነዚህ አያነሱም። ሽርሽር የሄደ ሰው ነገ ደግሞ ወዴት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ እነዚህ በየቀኑ ወደዚያችው አሸዋማ ቦታ፣ ውሃው ከደረት ወደማያልፍበት ይሄዳሉ። ሲሄዱ ይሳሳቃሉ፤ እንዲያውም ሳቃቸው ይበዛል። እንደደረሱ ጠብታቸውን ከጆሮአቸው እያወጡ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራሉ። ብረት ዓሣዎቹን ያስቆጣል ይላል ማኒኩ። ከዚያ መነጽራቸውን አጥብቀው፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ነክሰው ይወርዳሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የሁሉም ዓይን በርበሬ መስሏል።

"ጨው ነው" አሏት እማማ ሄለን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት፣ ሻሻቸውን እየጨመቁ። "የባሕር ውሃ ዓይን አይወድም።"

ኤልዳና ሦስት ቀን አልወረደችም። ከባኞ ውሃ በላይ ገብታ አታውቅም፤ ደግሞ ጅራታቸው ላይ መርዛም እሾህ አለ ተብላለች። ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ ታያቸዋለች። ዓሣዎቹ ሰፋፊ፣ ግራጫ፣ ከአሸዋው ላይ ሳይቸኩሉ ተነስተው ሌላ ቦታ የሚነጠፉ ናቸው። እንግዶቹ "ምንጣፎቹ" ይሏቸዋል። ሰሌን ቢባሉ ይበልጥ ያምርባቸው ነበር፤ ግን ሰሌን ምን እንደሚጠቀለልበት የሚያውቅ ሰው በዚያ ጀልባ ላይ ያንን ቃል አያነሳም። አንድ ሌላ ነገርም የሊፍት ሠራተኛ ጆሮዋን ከነከናት፤ ጀልባው መልሕቁን ጥሎ ቆሞ ሳለ ማኒኩ ሞተሩን አያጠፋም። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሞተሩ ያለ ሥራ ይንጫጫል።

"ለምንድን ነው የማታጠፋው?" አለችው።

"አይዞህ" አላት።

በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ተናገረ። ክዳኑ በደንብ አልተገጠመም ነበር፤ እሷም አጠገቡ ነበር የተቀመጠችው። በመጀመሪያ ዝንብ መሰላት፤ ጎንበስ ስትል ሰው ነው። አንድ ሳይሆን ብዙ ሰው፣ እርስ በርሱ ሳይደማመጥ። "ሚኪ፣ የት ጠፋህ ዛሬ?" ትላለች አንዷ። "እማ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" ትላለች ሌላዋ። "ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ደህና ነኝ።" "ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ይሻለኛል።" "ጉንፋን ነው እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።" ሁሉም ሻከር ያለ ድምፅ ነው፤ ሁሉም ጉንፋን ይዞታል።

ኤልዳና መጀመሪያ ሳቀች። "አገር ቤት ወረርሽኝ ገባ እንዴ?" አለችው ማኒኩን። ማኒኩ አልሳቀም። ፎጣውን አንስቶ ቆርቆሮው ላይ ደረበበት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ትንሽ አሞታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሰው ሲሞት፣ ላልሰማ ዘመድ በመጀመሪያ የሚባለው እሱ ነው። ትንሽ አሞታል። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገብቷል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፣ ስትከፍት ደጁን ዘመድ ሞልቶታል፣ መርዶ ነው። ድሮ ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ዛሬ ዘመድ ሁሉ የሚገኝበት አንድ ጠዋት ከየት ይመጣል? አንዱ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ አንዱ ፍቃድ አልተሰጠውም፣ አንዱ በሌላ አህጉር ነው። ስለዚህ ዕድሮቹ ማቆያ የሚሉትን፣ የሟቹን ድምፅና ወግ ወርሶ የሚናገር ማሽን አመጡ። ሟቹ ተቀብሮም መደወሉን ይቀጥላል፤ ይቀልዳል፣ በላሽ ወይ ይላል። ያልሰማው ሰው ደግሞ ራቅ ወዳለ ቦታ ይላካል፤ በሰው አገር መርዶ አይነገርምና። ኤልዳና ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለጎረቤቷ ልጅ ማቆያ ሲገባ እሷም እንደ ሰፈሩ ሰው ምስጢሩን ይዛ ስቃላታለች። ሰው ይህን ነገር ለሌላ ሰው የተሠራ አድርጎ ነው የሚያውቀው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። "ኤልዱዬ" አላት ጆሮዋ ውስጥ። "ዛሬም አልገባሽም አይደል? አንቺ ፈሪ!"

"ኢዮ፣ ጉንፋኑ እንዴት ነው?"

"ትንሽ ነው። ይለቀኛል።"

በማግስቱ ወረደች። ለምን እንደወረደች ቢጠይቋት አታውቀውም፤ ጀልባው ላይ ከቆርቆሮው ጋር ከመቅረት የዓሣው እሾህ ሳይሻላት አልቀረም። እማማ ሄለን እጇን ይዘው አስተማሯት፤ እግር አይነሳም፣ አሸዋውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት፣ አለዚያ የተኛ ዓሣ ትረግጫለሽ። አሥራ ሁለቱም እግራቸውን እየጎተቱ፣ ቀስ ብለው፣ ተከታትለው ሄዱ። የመጀመሪያው ስቲንግሬይ ጭኗን ታክኳት አለፈ፤ ሆዱ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ፊቷን ውሃው ውስጥ ነከረች።

ውሃ ውስጥ ለቅሶ ነበር።

በቱቦው ውስጥ ታፍኖ የሚመጣ፣ ቃል የሌለው እንጉርጉሮ፣ ከግራም ከቀኝም። እማማ ሄለን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ስድስት ዓመት ኩሉዱ ላይ የኖሩት ጋሽ ሚኪያስ፣ በጀልባው ላይ ከሁሉም በላይ ቀልድ የሚያወሩት ትልቅ ሰውዬ፣ ተንበርክከው በውሃ ውስጥ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ውሃው ስለሚይዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ስቲንግሬዮቹ በመካከላቸው ይመላለሳሉ። አንዱ በጋሽ ሚኪያስ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ሰውዬው አላባረሩትም። የኤልዳና መነጽር ከውስጥ በኩል ውሃ ሞላ፤ ከባሕሩ የገባ ግን አልነበረም። ኢዮስያስ፣ በእጇ ያሳደገችው፣ የሠፈር ኳስ ሲዳኝ ፊሽካው ከሦስት መንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ኢዮስያስ ሞቷል። ማንም አልነገራትም። እሷ ግን አወቀች።

አሸዋው ዳርቻ ቁጭ ሲሉ እማማ ሄለን ሥርዓቱን ነገሯት፤ ለአዲስ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት እንደሚነገር፣ በዚያ አነጋገር። "ጠብታው ለቅሶሽን ከሰማ መርዶ ሰምታለች ብሎ ይይዘዋል። ያኔ ይዘጋል፤ ተመልሶም አይመጣም። ስለዚህ ላይ አናለቅስም። እዚህ ታች ነው የምናለቅሰው። ሞተሩም ለዚያ ነው። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ይራዘምልኝ በይ፤ ያራዝሙልሻል። አገርሽ እስካልገባሽ ድረስ ማንም አያረዳሽም።"

"እርስዎ እዚህ ስንት ጊዜዎ ነው?"

"ሰባት ዓመት። ልጄ ናት፤ ጽናት። በየቀኑ መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ ትለኛለች። ስትኖር እንኳ በሳምንት አንዴ ነበር የምትደውለው" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው የእውነት ነበር፤ ኤልዳናን ያስፈራትም እሱ ነው።

እንግዲህ ሰው ለምዶ የማይኖርበት ነገር የለም። ኤልዳና በስምንት ቀን ውስጥ ለመደችው። ጠዋት እግሯን እየጎተተች ገብታ ታለቅሳለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዓይኗን በንጹሕ ውሃ ታጥባ ከወንድሟ ጋር ትስቃለች። ኳስ ያወራሉ። ልጅ ሳለ የሰበረውን የጎረቤት መስኮት ያነሱና "አንቺ ነሽ ያሳበቅሽብኝ" ይላታል። ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ሲናደድ ምላሱን የሚመታው አመታት እንኳ አልቀረም። አንዳንዴ ረስታው ትቆይና፣ "ስመጣ ምን ላምጣልህ?" ትለዋለች። "አንቺ ብቻ ነይ" ይላል። የሆቴሉ ሠራተኛ ይራዘም ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ ይራዘም አለች። ማን ይፈርድባታል?

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምሽት እናቷ ሜሮን ደወለች። ፊቷ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰፍቶ መጣ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች፤ ሜሮን ደግሞ በሠርጓ ቀን እንኳ ያልተቀባች ሴት ናት።

"እንዴት ነው ባሕሩ? ጠቆርሽልኝ! ሂሂ! ተመቸሽ አይደል?"

"ተመችቶኛል። አራዘምኩት እኮ እማዬ።"

የእናቷ ሳቅ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ከበፊቱ ጮክ ብሎ ተመለሰ። "ጎሽ! ደግ አደረግሽ! ምን ያስቸኩልሻል? እኛ ደህና ነን። ኢዮም ደህና ነው፤ ያች ጉንፋን ናት እንጂ..." ስትል፣ ኤልዳና የእናቷን እጅ አየችው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። ጣቶቹ ደም የሌላቸው እስኪመስሉ ድረስ ነው የያዘው፤ ንግግሩ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስም አልለቀቀም።

በማግስቱ ጀልባው ሲነሳ ኤልዳና እማማ ሄለን አጠገብ ተቀመጠች። "አገር ቤት ያሉትስ?" አለች። "እነሱ የት ያለቅሳሉ?"

እማማ ሄለን ወደ ባሕሩ አዩ። "የት ያለቅሳሉ? ግድግዳው ሁሉ ስልክ ነው። አንቺ በፈለግሽ ሰዓት ብቅ ትያለሽ። ያልሰማ ሰው እያለ ድንኳን አይጣል፣ ጥቁር አይለበስ፣ ሙሾ አይወርድ። ይጠብቁሻላ!"

"የጽናት አባትስ?"

"ጠበቀኝ" አሉ። "እየሳቀ ጠበቀኝ። ስደውል ሁልጊዜ ያንን የአበባ ሸሚዙን ለብሶ ነው። በአራተኛው ዓመት..." ሻሻቸውን አስተካከሉ። "አሁን ሁለቱም ይደውሉልኛል። እሱንም ጉንፋን ይዞታል። ተይው ልጄ፣ ደርሰናል፤ መነጽርሽን አጥብቂ።"

ኤልዳና እናቷ በየማለዳው ያንን ቀለም ስትቀባ ታያት። ልጇን ቀብራ፣ አፈር ሳታራግፍ ሹሩባ ልትሠራ የተቀመጠች እናት! ጎረቤት ሁሉ እያወቀ፣ ደጅ ወጥታ "ልጄን" ማለት ተከልክላ፣ የምትከለክላት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም፤ በአሸዋ ላይ የተዘረጋችው ኤልዳና ናት። እሷ ታች ወርዳ እርሟን ታወጣለች፤ ሜሮን ግን ባሕር የላትም።  አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ወይ የወንድሟን ድምፅ፣ ወይ የእናቷን ለቅሶ።

ጀልባው ቆመ። ጠብታዎቹ ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ። ሰዎቹ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተራ ሲይዙ ኤልዳና እጇን ከትታ የራሷን አወጣችና ጆሮዋ ውስጥ መለሰችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አሉ እማማ ሄለን።

"ኢዮ" አለች ኤልዳና።

"ኤልዱዬ! ዛሬ ቀደምሽኝ። ምነው በደህና?"

"ድምፅህን ልስማ ብዬ።"

"ይኸው ስሚ፤ እንደ አህያ ሆኗል። ይህ ጉንፋን እምቢ አለ።"

"ዛሬ ይለቅሃል" አለችው። ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ ነበር። "ደህና ሁን፣ የኔ ጌታ።"

"አንቺ ደግሞ! ለዘላለም የምትሄጂ አስመሰልሽው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ዘጋችው፤ ሲያልቅ ከሰማችው እንደማትችል አውቃለች። ቀጥላ ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ሰምቻለሁ።"

"ምኑን? ምን ሰማሽ? እኛ እኮ ሁላችንም..."

"እማዬ፣ ኢዮን ሰምቻለሁ። በቃሽ። ያንን ቀለም ጥረጊውና አልቅሺ።"

 ከተሳፋሪዎቹ አንዱ "ውሃ! ውሃ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰዎቹ እየተገፋፉ መዝለል ጀመሩ። መነጽር ያላደረገውም፣ ቱቦው ከእጁ የወደቀውም ዘለለ። ለቅሶ ይጋባል፤ ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው የሚያለቅሰው የራሱን ሟች እንደሆነ ማን የማያውቅ አለ? ቆርቆሮው አጠገብ አንዲት እንባ ካመለጠቻቸው የስንት ዓመት ድምፅ ሊያልቅ ነው። እማማ ሄለን ኤልዳናን አንድ ጊዜ በሐዘን፣ አንድ ጊዜ በጥላቻ አዩዋትና እንደ ሕፃን ጆሯቸውን ደፍነው ዘለሉ። ምንጣፎቹ ደንግጠው አሸዋውን አደፍርሰው ተበተኑ።

ሜሮን ግን ገና አላለቀሰችም። ልጇ ባዕድ አገር ውስጥ ለብቻዋ የሰማችውን መርዶ እያሰበች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት የምትፈራ በመሰለ ድምፅ ጠየቀች። "ማን ነው ያረዳሽ? አሁን ማን አጠገብሽ አለ? ማን ይዞሻል ልጄ?"

ኤልዳና ዞር አለች። ጀልባው ባዶ መሰላት። ፊት ለፊቷ ማኒኩ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። "ሰው አለ እማዬ" ብላ ዋሸች። "ብዙ ሰው አለ።"

"ስጪኛ ላናግረው።"

 ከኋላዋ አንድ ከባድ ክንድ ትከሻዋን አቅፎ አስቀመጣት። ጋሽ ሚኪያስ ናቸው። አልዘለሉም። መነጽራቸው እንደታሰረ ግንባራቸው ላይ ነው፤ ቆርቆሮው እግራቸው ሥር አለ።

"እኔ ይዣታለሁ፣ እኅቴ" አሉ ጮክ ብለው፣ ለሜሮን እንዲሰማት። "ሚኪያስ እባላለሁ። አይዞሽ፣ አልለቃትም። አልቅሺ አንቺ።"

ያኔ ሜሮን ጮኸች። "ልጄን! ኢዮዬን! ልጄን!" የሁለት ሳምንት ሳቅ ሁሉ ተገልብጦ ወጣ። ከኋላዋ በር ሲበረገድ ተሰማ፤ ከዚያ የጎረቤት በር፣ ከዚያ የቀጣዩ፤ እግር እየሮጠ ሲመጣ፣ ሴቶች "ወየው" ሲሉ ተሰማ። ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን ለብሶ ይጠባበቅ ኖሯል። ኤልዳና አፏን ከፈተች፤ ቱቦ የለ፣ ውሃ የለ፣ ወንድሟን በስሙ ጠርታ በጠራራ ፀሐይ አለቀሰችው። ጆሮዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ጠቅ ብላ ጠፋች፤ ምን እንደሆነች አውቃለች።

ከቆርቆሮው ውስጥ አንዲት ሴት፣ "ሚኪ፣ ማን ነው የሚያለቅሰው?" አለች። የጋሽ ሚኪያስ ሚስት ትርሲት ናት። "ሚኪ? በላህ?"

ሰውዬው ባሕሩን አዩ። ሁለት እርምጃ ነው፤ ሰዎቹ ከውሃው ውስጥ በእጃቸው ይጠሯቸዋል። ኤልዳና ክንዳቸውን ከትከሻዋ ልታነሳው ሞከረች። "ይሂዱ ጋሽዬ፣ ግድ የለም፣ ይሂዱ" አለቻቸው።

"ለቅሶ ላይ ሰው ብቻውን ይተዋል እንዴ?" አሉ ጋሽ ሚኪያስ። በአንድ እጃቸው እሷን እንደያዙ ሌላውን አነሱ፤ አየር ነውና እጁ ፈጥኖ ደረታቸው ላይ አረፈ። "ትርሲትዬ፣ እኔን አፈር ያድርገኝ!" አሉና ከኤልዳና ጋር አለቀሱ።